ማታ ተሰናድቶ ጠዋት የሚጋገር ቁርስ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ሊቀመንበሩ ስለ ቅዳሜው ቁርስ ጉዳይ አጠር አድርጌ እንድናገር አዘውኛል። ለማሳጠር እሞክራለሁ፤ ነገር ግን የምግብ አሠራር ስላለበት ጥቂት ብቆይ ታገሡኝ።

እንደምታውቁት በአጀንዳው የተያዘው ጥያቄ "የቅዳሜው ቁርስ ይቀጥል ወይስ ይቅር" የሚል ነው። ጥያቄውን ያመጡት ሰዎች ያለ ምክንያት አላመጡትም። ለአርባ ሰው ፍርፍር፥ ጨጨብሳና ቂንጬ የሚሠሩልን አራት እናቶች ናቸው። ስብሰባው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት በ4 ሰዓት እንዲጀመር እነሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሣሉ። ሁለቱ ደግሞ ዓርብ ማታ ከሥራ የሚገቡት ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚተኙ እናንተው ቁጠሩት።

ለምን ማታ ሠርተው አያድሩም የሚል ሰው አለ። ምግቡን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ጨጨብሳ ሲያድር ይደርቃል። ቂንጬ ሲያድር ድንጋይ ይሆናል። የእንጀራ ፍርፍር አድሮ ሲሞቅ ይላሽቃል፤ የእንቁላል ፍርፍር ነገርማ አይነሣ። የእኛ ቁርስ በትኩሱ ካልተበላ ቁርስ አይባልም። ስለዚህ ሥራው በሙሉ ጎህ ሲቀድ ላይ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም በእነዚሁ በአራቱ ላይ ነው።

እኔ ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ለዛሬው ንግግር ብዬ የስድስት ወሩን ቃለ ጉባኤ አገላብጬ አየሁት። ከአራቱ እናቶች የአንዳቸውም ሐሳብ የተመዘገበበት ቦታ የለም። ሐሳብ ስለሌላቸው አይደለም፤ ወጥ ቤት ስለሆኑ ነው። እኛ እየበላን ስንወያይ እነሱ ድስት ያጥባሉ። እነሱ ሊቀመጡ ሲሉ እኛ ወንበር እናጥፋለን።

በዚህ የተነሣ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ከምግብ ቤት ይገዛ የሚል ነው። ገንዘብ ያዣችን እንዳስረዱት የማኅበሩ ገንዘብ ለለቅሶና ለበሽታ የተዋጣ ነው፤ በየወሩ ለአርባ ሰው ምግብ ከተገዛበት ለተዋጣበት ነገር አይተርፍም። ሁለተኛው ቁርሱ ይቅርና ስብሰባው በስልክ ይሁን የሚል ነው። ይሄ ለኛ ለሠራተኞቹ ይመቸናል። ነገር ግን የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡትን አባቶችና እናቶች እናስብ። ልጃቸውና ምራታቸው በጠዋት ይወጣሉ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ እነሱ መኪና አይነዱም፤ የጎረቤቱም ቋንቋ አይገባቸውም። በወር አንድ ጊዜ ከእኩዮቻቸው ጋር የሚጨዋወቱት እዚህ ገበታ ላይ ነው። ስልክ አንሥቶ "አለሁ" ማለት ለስብሰባ ይበቃ ይሆናል፤ ለእነሱ ግን አይበቃም።

እኔ የማቀርበው ሦስተኛ ሐሳብ ነው። ቁርሱ ይቀጥል፤ ሥራው ግን ከሌሊት ወደ ማታ ይዛወር። ደግሞም አራት ሰዎች ሁልጊዜ ከሚሠሩት፥ አራት አራት ቤት እየሆንን በተራ እንሥራው። ይህን የሚያስችል ምግብ አለ። ማታ ይሰናዳል፥ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፥ ጠዋት ኦቭን ውስጥ ገብቶ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይበስላል። አሜሪካኖቹ "ፍሬንች ቶስት ካሴሮል" ይሉታል። እኔ በምሠራበት የሆቴል ወጥ ቤት ለብዙ እንግዳ የሚቀርበው የቅዳሜና የእሑድ ቁርስ ይሄ ነው። የማታው ተረኛ አሰናድቶት ይሄዳል፤ የጠዋቱ ተረኛ እሳት ውስጥ መክተት ብቻ ነው ሥራው።

ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ፍሬንች ቶስት ማለት በወተትና በእንቁላል ተነክሮ የተጠበሰ ዳቦ ነው፤ አዲስ አበባ ካፌ ገብታችሁ በዚሁ ስም የበላችሁት ትኖራላችሁ። ፈረንሳዮቹ "ፓን ፔርዲዩ" ይሉታል፤ "የጠፋ ዳቦ" ማለት ነው። ደርቆ ሊጣል የነበረ ዳቦ ስለሆነ ነው። ጀርመኖቹ ደግሞ "ድኻ ፈረሰኞች" ይሉታል። ከዚያም በፊት አፒኪዩስ በሚባለው የጥንት ሮማውያን የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ዳቦ በወተት ነክሮ፥ በዘይት ጠብሶ፥ ማር አፍስሶ ስለ መብላት ተጽፏል። ሁሉም አገር ለትናንት ዳቦው አንድ መላ ፈልጓል። እኛስ ለትናንት እንጀራችን ያገኘነው መላ ፍርፍር አይደለም እንዴ? ይህንንም የፈረንጅ ፍርፍር ብትሉት አልቀየምም።

ሰዓቱንም በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ቁርስም ምሳም ያልሆነውን የረፋድ ምግብ ፈረንጆቹ "ብራንች" ይሉታል። ቃሉን በ1895 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያወጣው ጋይ ቤሪንጀር የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ያቀረበውም ክርክር ቅዳሜ ሌሊቱን ሲዝናና ያመሸ ሰው እሑድ በማለዳ አይቀስቀስ፤ ረፈድ አድርጎ ተነሥቶ ከሰው ጋር ተጫውቶ ይብላ የሚል ነበር። ከእኛ መካከል ሌሊቱን ያመሸው ሲዝናና አይደለም፤ ታክሲ ሲነዳ፥ ሆስፒታል በሽተኛ ሲያገላብጥ፥ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ነው። የረፋዱ ሰዓት ግን ለኛም እኩል ያስፈልገናል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ።

ከምጣድ ፍሬንች ቶስት የሚለየው ይህ ነው። በምጣድ ሲሆን አንድ ሰው ቆሞ ሁለት ሁለት ቁራሽ እያገላበጠ ይጠብሳል፤ አርባኛው ሰው እስኪደርሰው የመጀመሪያው ሰው ይርበዋል። በካሴሮል ግን ዳቦው በአንድ ትሪ ውስጥ ተደርድሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጋገራል። ማንም ቆሞ አይጠብቀውም።

ለአንድ ትሪ የሚሆነውን ልናገር፤ ጻፉት። ትሪው 9 በ13 ኢንች የሚባለው ነው፤ በሴንቲ ሜትር 23 በ33 ገደማ ይሆናል፤ በየሱቁ የሚገኘው መደበኛው መጠን ነው። አንድ ፓውንድ ዳቦ፥ ማለት 450 ግራም ያህል። 8 እንቁላል። 3 ኩባያ ወተት፤ ኩባያ የምለው የዚህ አገር መለኪያ ኩባያ ነው፥ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘው። ከሦስቱ ኩባያ አንዱን ክሬም ብታደርጉት ይለሰልሳል፤ ባታደርጉትም ምንም አይደል። ሩብ ኩባያ ስኳር፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ኮረሪማ ያለው ሰው ቆንጠር አድርጎ ይጨምር፤ እኔ ከቀረፋው ይልቅ እሱን እወዳለሁ። ከላይ የሚደረገው ደግሞ ግማሽ ኩባያ የገበታ ቅቤና ግማሽ ኩባያ ቡናማ ስኳር ነው። የኛ የተነጠረ ቅቤ እዚህ ላይ አይሆንም፤ ኮሰረቱና አብሹ ከስኳር ጋር ይጣላል።

ዳቦው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸውም የሚያምረውም በዳቦው ነው። ተቆርጦ በላስቲክ የሚሸጠው ስስ የሳንድዊች ዳቦ አይሆንም፤ ሌሊቱን ወተት ውስጥ ሲያድር ገንፎ ይሆናል። ጠንከርና ደልደል ያለ ዳቦ ያስፈልጋል። ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ ይሆናል። አይሁዶቹ ለሰንበታቸው የሚጋግሩት ኻላ የሚባለው ጉንጉን ዳቦም በጣም ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከበዓል የተረፈ ድፎ ዳቦ ነው። ድፎ ዳቦ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢነከርም ቅርጹን አይለቅም። እንዲያውም ስለሚጠጣ ወተቱን ወደ 4 ኩባያ ከፍ ማድረግ ነው። የታችኛውን ደረቅ ቅርፊት ግን ቁረጡለት፤ እሱ አይርስም።

ዳቦው የአንድ ቀን ወይም የሁለት ቀን ይሁን። ምክንያቱም ትኩስ ዳቦ የራሱ እርጥበት አለበት፤ ሌላ ፈሳሽ በደንብ አይጠጣም፤ ከውጭ ይርሳል እንጂ ውስጡ አይገባም። ደረቁ ግን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። የደረቀ ዳቦ ከሌላችሁ ቆራርጣችሁ በኦቭን በ300 ፋራናይት ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ አድርቁት፤ ከዚያ ይቀዝቅዝ። የሻገተ ዳቦ ግን የደረቀ ዳቦ አይደለም። ሻጋታውን ፍቄ ልጠቀም የሚል ካለ አይሆንም፤ ይጣል።

ዓርብ ማታ እንዲህ ታደርጋላችሁ። ትሪውን ቅቤ ትቀባላችሁ። ዳቦውን በጣት ውፍረት ወይም በትልልቁ ጉርሻ ያህል ቆርጣችሁ ትደረድራላችሁ። እንቁላሉን በጎድጓዳ ሳህን በደንብ ትመታላችሁ፤ ነጩ ተለይቶ እስከማይታይ ድረስ ነው፤ አለበለዚያ ጠዋት ነጭ ነጭ ክር ይታይበታል። ወተቱን፥ ስኳሩን፥ ቀረፋውንና ጨውን ጨምራችሁ ታዋሕዳላችሁ። በዳቦው ላይ በዝግታ ታፈሳላችሁ። ከላይ የቀረው ቁራሽ እንዲርስ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አድርጉት። ከዚያ በፎይል ሸፍናችሁ ፍሪጅ። አለቀ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሚጾሙ እናቶች ዓርብ ማታ እንቁላልና ወተት ቀምሰን እንዴት እናውቃለን እንዳይሉ፤ መቅመስ የለም። ጥሬ እንቁላል ያለበት ነገር በጾምም በፍስክም አይቀመስም። ልክ ለክታችሁ ካደረጋችሁ መቅመስ አያስፈልገውም።

ፍሪጅ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቢያድር ደንበኛ ነው። ከ24 ሰዓት በላይ ግን አታቆዩት።

ጠዋት ስትነሡ በመጀመሪያ ኦቭኑን በ350 ፋራናይት አብሩት፤ በሴንቲግሬድ 177 ገደማ ነው። ብዙዎቻችን ኦቭናችንን የድስት መጋዘን አድርገነዋልና ከማብራታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። ትሪውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ኦቭኑ እስኪግል ውጭ ይቆይ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል መሆኑ ነው። ይህን የምለው በተለይ የመስታወት ትሪ ላላቸው ነው። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ መስታወት ወዲያው የጋለ ኦቭን ውስጥ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ ምክንያት እኔ የብረት ትሪ እመርጣለሁ። ተጠቅመው የሚጥሉት ስስ የአልሙኒየም ትሪም ይሆናል፤ ግን ሲሞላ ይታጠፋልና ከሥሩ ጠንካራ ዝርግ ትሪ አድርጉለት።

ቅቤውን አቅልጣችሁ ከቡናማው ስኳር ጋር ለውሳችሁ ከላይ በትኑት። ሳትሸፍኑ አስገቡት። ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይፈጃል። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት። መብሰሉን የምታውቁት መካከሉን ቢላዋ ወግታችሁ ስታወጡ ቢላዋው ጥሬ ፈሳሽ ሳይዝ ከወጣ ነው። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው መካከሉ 160 ፋራናይት፥ ማለት 71 ሴንቲግሬድ መድረሱን ይመልከት። ዳር ዳሩ ሁልጊዜ ቀድሞ ይበስላል፤ በዳሩ አትታለሉ። ሲወጣ ተነፍቶ ታዩታላችሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ይወርዳል፤ ጠባዩ ነው፥ አትደንግጡ። አሥር ደቂቃ አሳርፋችሁ ቁረጡት፤ አንዱ ትሪ 12 ቁራሽ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ጠንከር አድርጌ የምናገረው ነገር አለ። ይህ ምግብ እንቁላልና ወተት ነው። የእንቁላል ነገር ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ ያመጣል፤ ሽማግሌና ሕፃን ላይ ይከፋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ገበታው ላይ የሚበዙት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ጥሬው ትሪ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይደር፤ "ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው" ብሎ በረንዳ ላይም አይውጣ። ቦታው ፍሪጅ ነው፤ ፍሪጁም ከ40 ፋራናይት፥ ማለት ከ4 ሴንቲግሬድ በላይ አይሁን። ከበሰለ በኋላ በጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ፤ በበጋው ሙቀት ከ90 ፋራናይት በላይ ሲሆን ከአንድ ሰዓት በላይ። የተረፈው ወዲያው ወደ ፍሪጅ ይግባ፤ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ይበላ። ስብሰባችን ሲራዘም ምግቡ እዚያው ተዘርግቶ የሚቆይበት ልማድ አለን። ይሄ በዚህ ምግብ አይሠራም።

አንድ አባት ይህን ነገር ቀድሞ ስነግራቸው "ልጄ፥ ጠዋት ጠዋት ጣፋጭ ይበላል እንዴ? ይሄ የልጆች ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የኛ ሰው ቁርስ ላይ የሚያቃጥል ይወዳል። ለዚህም መልስ አለው። ስኳሩንና ቀረፋውን ሙሉ በሙሉ አስቀርታችሁ በምትኩ ሽንኩርት፥ ቃሪያና አይብ በዳቦው መካከል አድርጉበት፤ የቀረው አሠራር ያው ነው። አሜሪካኖቹም እንዲህ ያለውን "ስትራታ" እያሉ ይሠሩታል። ሚጥሚጣው በጎን ይቅረብ። እኔ የምለው ከአራቱ ትሪ ሁለቱ ጣፋጭ፥ ሁለቱ ጨዋማ ይሁኑ።

ስኳር በሽታ ያለባቸው አባላት ጥቂት አይደሉም። ጨዋማው ይሻላቸዋል፤ ቢሆንም ዳቦ ዳቦ ነው፥ እሱም ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ቁራሹ አነስ ይበል። ጣፋጩም ላይ ማርና ሽሮፕ ቀድሞ አይፈስበት፤ በጎን ይቅረብና የፈለገ ያፍስስ። ለውዝና ሌላ ፍሬም እንዲሁ በጎን፤ የማይስማማው ልጅ ይኖራልና።

ቫኒላን ሆነ ብዬ አልጠራሁም። በዚህ አገር "ንጹሕ" ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሹ ቫኒላ በሕጉ መሠረት ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ያለበት ነው። ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች አብረውን ስለሚበሉ ይቅር። ቀረፋና ኮረሪማ ይበቃል። ዳቦም ሲገዛ የአሳማ ስብ እንደሌለበት ጽሑፉ ይነበብ፤ ማንበብ ያስቸገረው ሰው ልጁን ያስነብብ።

ስለ ጾሙ። ቅዳሜያችን ዐቢይ ጾም፥ ፍልሰታ፥ የሐዋርያት ወይም የነቢያት ጾም ውስጥ ከዋለ ይህ ምግብ አይሠራም። ያለ እንቁላልና ያለ ወተት እናድርገው ብለው የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ ሞክሬ አልወደድኩትም። በእነዚያ ወራት ፉል ይቅረብ። ፉል ማታ ተቀቅሎ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ጠዋት ቢሞቅ አይጎዳም፤ ስለዚህ በጾሙም ወራት ማንም ሌሊት አይነሣም።

አሁን ስለ ሥራ ክፍፍሉ ልናገርና ላብቃ። ለአርባ ሰው አራት ትሪ ይበቃል፤ 48 ቁራሽ ይወጣል። አራት ትሪ ማለት አራት ፓውንድ ዳቦ፥ 32 እንቁላልና 12 ኩባያ ወተት ነው። አንድ ቤት አንድ ትሪ ብቻ ከያዘ ፍሪጅ አይጠብበትም፥ ኪስም አይጎዳም። በየቤቱ ጋግረን በፎይልና በፎጣ ጠቅልለን በአሳንሰር ማውረድ ነው። ወንዶች አንችልም እንዳትሉ። እንቁላል መምታትና ዳቦ መቁረጥ ነው፤ በሆቴሉ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ይህ ነው። አንደኛ ቁርሱ ይቀጥል። ሁለተኛ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አራት አራት ቤት በተራ ይሥራ፤ አራቱ እናቶች ግን ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ተራ አይግቡ። ሦስተኛ ዕቃ ማጠቡ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ስብሰባ እየተካሄደ ወጥ ቤት ሰው አይገኝ። ይህን ሦስተኛውን ለብቻው ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ምግቡን ለውጠን ልማዱን ካልለወጥን አራቱ እናቶች አሁንም ወጥ ቤት ይቀራሉ።

በሰሌዳው ሥር፥ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል በር አጠገብ፥ ወረቀት ሰቅያለሁ። ስማችሁን፥ የቤት ቁጥራችሁን፥ ትሪ ያላችሁ ወይም የሌላችሁ መሆኑን፥ ጣፋጭ ወይስ ጨዋማ እንደምትሠሩ ጻፉበት። ኦቭኑ የማይሠራበት ቤት ካለ ያንንም ይጻፍ፤ ትሪውን እኔ ቤት መጋገር ይቻላል፥ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ በሩ ክፍት ነው።